የገና ዕለት ስሌት

የገና ዕለት ስሌት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ (በዘመን አቆጣጠር ስሌቷ) የምትፈታው የቁጥር እንቆቅልሽ ነው። ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ በዓሉ በዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

አፈታቱ፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ የ2016 ድምር 7516 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ።

ምክንያቱ፦ ከጽንሰት (መጋቢት 29) እስከ ልደት 275 ቀን ይቆጠራል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ ቀጣዩ ልደት አንድ ቀን ይቀድማል።