ማሞ ቂሎን የሣለው እጅ

የማሞ ቂሎን ተረት የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እናቱ ትመክረዋለች፤ እሱ ምክሩን ያለቦታው ይሠራበታል፤ እኛ እንስቃለን። ብዙዎቻችን ግን ተረቱን ያወቅነው በጆሯችን ነው። ማሞን በቀለም ሥሎ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ለልጆች ያቀረበው ሠዓሊ ቦጋለ በላቸው ይባላል። ተረቱን የጻፉት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። «ሲሊ ማሞ» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የጸሐፊውን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች መካከል መርጧቸው ነበር። የሠዓሊውን ስም የሚያነሳው ግን የመጽሐፉን ርዕስ ገጽ ልብ ብሎ ያየ ብቻ ነው። ስለዚህ እጅ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ወደ እኛ ሙያም ይመጣልና።

ታሪክን በሥዕል መንገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኖቹን የግድግዳ ሥዕል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ታሪኩን ያነብ የነበረው ከዚያ ነው። ሥዕሉ የራሱ የንባብ ሕግም አለው፤ ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ሕፃን ልጅ እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የንግሥተ ሳባም ታሪክ በ44 ሥዕሎች ተከፋፍሎ፣ አጭር አጭር ጽሑፍ እየታከለበት፣ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። ይህ እኮ ያልተጠረዘ የሥዕል መጽሐፍ ነው! ልዩነቱ ለአዋቂ መሠራቱና እናት ጭን ላይ አለመቀመጡ ነው።

አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት ሠዓሊነት በክፍል ውስጥ የሚማሩት ሙያ ሆነ። የሠዓሊ ክብር ግን በሸራና በዐውደ ርእይ ሲለካ ቆየ። የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እንጀራ የሚሆነው አሳታሚና ገዢ ሲኖር ነው፤ ባለ ቀለም ኅትመት ደግሞ ውድ ነው።

አቶ ዮሐንስ በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በብዙ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት አገኙ፤ የአማርኛ ግን አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ 15,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በማግሥቱ ዓመትም ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። መጽሐፍ ከውጭ ማምጣት ይቻላል። ማሞን ግን ከውጭ ማምጣት አይቻልም፤ ልብሱን፣ ቤቱን፣ እናቱን አውቆ የሚሥል ሰው ያስፈልጋል። ቦጋለ የሞላው ይህን ክፍተት ነው። ብቻውንም አልነበረም። ኤልሳቤጥ ሌርድ በየክልሉ ዞራ የሰበሰበቻቸው የኢትዮጵያ ተረቶች እ.ኤ.አ. በ2000 በኦክስፎርድ ሲታተሙ ከሠዓሊዎቹ አንዱ ዮሴፍ ከበደ ነበር።

ታዲያ ይህ ለሐኪም ምኑ ነው? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የልጆችን እድገት ለመከታተል ካወጣቸው ምልክቶች አንዱ፣ የ2 ዓመት ልጅ ሲጠየቅ በመጽሐፍ ውስጥ ያለን ነገር በጣቱ ማሳየቱ ነው። ምሳሌው «ድቡ የታለ?» ይላል። ድብ! ማታ ማታ ከእንጦጦ በኩል ጅብ ሲጮኽ እየሰማ የሚተኛ የሽሮሜዳ ልጅ ድብን ከየት ያውቀዋል? ጣቱን ባያነሳ ቋንቋው ዘግይቷል ማለት አይደለም፤ ሥዕሉ የሌላ ሰው አገር ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ጉለሌ ውስጥ ሕፃናትን ሳክም ይህን ደጋግሜ አያለሁ። የበረዶ ሰው ሳሳየው ዝም ያለ ልጅ መሶብ ሲያይ ስሙን ይጠራል፤ ጀበናና ስኒ ሲያይ ደግሞ እናቱን ዞር ብሎ ያያል። ተገቢው ሥዕል በሌለበት፣ ጤነኛውን «ዘገምተኛ» ልንል፣ በእውነት የዘገየውን ደግሞ «ሥዕሉን ስላላወቀው ነው» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

ሌሎች አገሮች መጽሐፉን ወደ ምርመራ ክፍሉ አስገብተውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቦስተን ከተማ ሆስፒታል ባሪ ዙከርማን፣ ሮበርት ኒድልማንና ባልደረቦቻቸው ለክትትል ለሚመጡ ሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ መስጠት ጀመሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2014 ለልጅ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማንበብን የመደበኛ ክትትል አካል እንዲሆን መከረ። ለእነሱ ቀለል ያላቸው የሚሰጡት መጽሐፍ በብዛት ስላላቸው ነው። እኛ ዘንድ መጽሐፉ ከመታዘዙ በፊት ሠዓሊው ሥራ ማግኘት አለበት።

ስለዚህ ለዘንድሮው መሰባሰባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን በየዓመቱ ከሚያሰባስበው መዋጮ ጥቂቱን፣ ለክትባትና ለእድገት ክትትል ለሚመጡ ሕፃናት አንድ የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ለማሳተም ያውለው። የሥነ ጥበብ ተመራቂዎች ይወዳደሩ፤ የሚገባቸው ክፍያ ይከፈላቸው፤ የሠዓሊውም ስም ከጸሐፊው እኩል በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። መምህራን ባልደረቦቻችን ደግሞ ሥዕሎቹን በጤነኛ ልጆች ላይ ሞክረው፣ በየትኛው ዕድሜ የትኛው ሥዕል እንደሚታወቅ ይመዝግቡልን። ያን ጊዜ «ድቡ የታለ?» የሚለውን ጥያቄ «ጅቡ የታለ?» ብለን ልንጠይቅ፣ መልሱንም ልናምነው እንችላለን።