ጨረር

ጅቡቲ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ። እኩለ ቀን ላይ ከቅስቶቹ ሥር ሻይ የያዘ ኢትዮጵያዊ፣ ጥላው ሸሽቶ ፀሐይዋ ጉልበቱ ላይ ስታርፍ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ይስባል። «ጨረሩ አላስቀምጥ አለ!»

ይኸው ቃል ሐኪም ቤት ሲነገር ያስደነግጣል፤ «ጨረር ታዞለታል» ከተባለ ካንሰር ነው የሚታሰበው። ራጅም ያው ጨረር ነው፤ ከጣሊያንኛ በመጣ ስሙ ስለሚጠራ ግን የሚፈራው የለም።

ለሥነ ፈለክ ሰዎች ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ልዩነታቸው ጉልበታቸው ነው። የእንጦጦ ቴሌስኮፖች የሚሰበስቡት ብርሃን አየሩን አልፎ ይደርሳል። ከሰማይ የሚመጣውን ራጅ ግን አየሩ ውጦ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ መቀበያ መሣሪያው ከአየሩ በላይ መውጣት ነበረበት።

የሰማይን ራጅ ለመመልከት የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው ከኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ ነው፤ ዲሴምበር 12 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ በአገሪቱ የነጻነት በዓል። ስሙም «ኡሁሩ»፣ በስዋሂሊ ነጻነት ተባለ።

ዓይኑ ጋዝ የተሞላ ሳጥን ነበር። ራጅ ሲገባ ከጋዙ ኤሌክትሮን ያፈናቅላል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ሽቦ ይስበዋል፤ ኤሌክትሮኑም በመንገዱ ሌሎችን እያፈናቀለ በዝቶ የኤሌክትሪክ ምት ይሆናል። የምቱ ትልቅነት የጨረሩን ጉልበት ይናገራል። ሳጥኑን «ጠቋሚ» ከማለት «ቆጣሪ» ማለት ይሻላል፣ መብራት ኃይልን ቢያስታውስም፤ ጨረሩን የሚቀበለው አንድ በአንድ ነውና። ኡሁሩ እንዲህ ቆጥሮ 339 የራጅ ምንጮች መዝግቧል።