ማህፀን የያዘውን ማወቅ፦ የእርግዝና የመጀመሪያ ምልክቶች በፊቅህ ታሪክ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞ እስከ ለቡና መካኒሳ ባሉት ሠፈሮች ለሚያስተምሩ ኢማሞችና ኡስታዞች እንግዳ ያልሆነ አንድ ጥያቄ አለ። ባሏ የፈታት ሴት የወር አበባዋ አንድ ጊዜ ታይቶ ይቀርባታል። ሁለተኛውን ስትጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። አርግዛለች እንዳይባል ሌላ ምልክት አልታየም፤ አላረገዘችም እንዳይባል ደሙ ቀርቷል። ዒዳዋ መቼ ያልቃል? ቀለቧስ እስከ መቼ በባልየው ላይ ይሆናል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሊቃውንት ከ1,300 ዓመታት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። መልሳቸው የተጓዘበትን መንገድ መከተል ለዛሬው ፈትዋ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

መነሻችን ቁርኣን ነው። በሱረቱል አዕራፍ 189ኛው አንቀጽ የእርግዝና መጀመሪያ ሴቲቱ ይዛው የምትንቀሳቀሰው ቀላል ሸክም ተደርጎ ተገልጿል። በሱረቱል በቀራ 228ኛው አንቀጽ ደግሞ የተፈቱ ሴቶች አላህ በማህፀናቸው የፈጠረውን መደበቅ እንደማይፈቀድላቸው ተደንግጓል። ከሁለቱ አንቀጾች ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ እርግዝና በጅምሩ ስውር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ስውር ነገር የመጀመሪያ ምስክር ሴቲቱ ራሷ መሆኗ ነው። መደበቅ የተከለከለችው ዕውቀቱ በእርሷ ዘንድ አማና ሆኖ ስለተቀመጠ ነው። ስለዚህም ፉቀሃዎች የምትናገረው በጊዜ ስሌት የሚቻል እስከሆነ ድረስ ስለ ሐይዷና ስለ እርግዝናዋ ቃሏን ተቀብለዋል።

ምስክሯ ራሷ ስትጠራጠርስ? ኢማም ማሊክ (በ179 ዓ.ሂ. የሞቱ) በሙወጠእ እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከፍቺ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሐይድ አይታ የቀረባት ሴት ዘጠኝ ወር እንድትጠብቅ ፈርደዋል። እርግዝናው ከተገለጠ ዒዳዋ በመውለድ ያበቃል፤ ካልተገለጠ ከዘጠኙ ወር በኋላ ሦስት ወር ትቆጥርና ነፃ ትሆናለች። የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ ዘጠኙ ወር ማህፀኗ ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሦስቱ ወር ደግሞ ለዒዳው ነው ብለዋል። አቡ ሐኒፋና፣ በኋለኛው አቋማቸው፣ ኢማሙ ሻፊዒይ ግን ሐይዷ እስኪመለስ ወይም ዕድሜዋ ሐይድ ከሚቋረጥበት እስኪደርስ ትጠብቅ አሉ። ይህ አንዲትን ወጣት ሴት ለብዙ ዓመታት ከትዳር ሊያግዳት የሚችል ፍርድ ነው። በአገራችን የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ሥር የሰደዱ በመሆናቸው ልዩነቱ የኪታብ ላይ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ደሙ መታየቱም ነገሩን ሁልጊዜ አይቋጨውም። ሐነፊዎችና ሐንበሊዎች ነፍሰ ጡር ሐይድ አታይም፣ የሚታየው ሌላ ደም ነው ሲሉ፣ ማሊኪዎችና በሻፊዒይ መዝሀብ የጸናው አቋም ልታይ ትችላለች ይላሉ። የዛሬው ሕክምናም በእርግዝና መጀመሪያ ጥቂት ደም ሊታይና የወር አበባ ሊመስል እንደሚችል ያስተምራል። እንግዲህ አንድ ምልክት ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

የጊዜ ስሌት መሳሳት ምን እንደሚያስከትል ያው ሙወጠእ ያስታውሰናል። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን በስድስት ወሯ የወለደች ሴት ተከስሳ እንድትወገር ታዘዘ። ዐሊይ (ረ.ዐ) እርግዝናንና ጡት ማጥባትን በአንድነት 30 ወር ያደረገውን የሱረቱል አሕቃፍ አንቀጽ፣ ጡት ማጥባትን ሁለት ዓመት ካደረገው የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ጋር አጣምረው ስድስት ወር የእርግዝና ጊዜ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። ዑስማን ሰው ላኩ፤ መልእክተኛው ሲደርስ ግን ፍርዱ ተፈጽሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ዝቅተኛው የእርግዝና ጊዜ መሆኑ የሊቃውንት ስምምነት ሆነ።

በረጅሙ ጊዜ ላይ ግን አልተስማሙም። ሐነፊዎች ሁለት ዓመት፣ ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች አራት ዓመት፣ ከማሊኪዎች ብዙዎቹ አምስት ዓመት አሉ። ኢብኑ ሐዝም (በ456 ዓ.ሂ. የሞቱ) ከዘጠኝ ወር አይበልጥም ብለው ተቃወሙ። በዚህ ላይ ግልጽ የሆነ የቁርኣን ወይም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ስላልነበረ፣ ሊቃውንቱ የተደገፉት ከሰዎች በሰሙት ነው። ከአንዲት ሴት ደሙ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ብትወልድ፣ እርግዝናው ከመጀመሪያው ቀን መቆጠሩን የሚያስተባብል መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። አቋማቸው ብዙ እናቶችን ከዝሙት ክስ፣ ብዙ ልጆችንም ነሰብ ከማጣት እንደጠበቀ መዘንጋት አይገባም።

ሐኪሞችም በበኩላቸው ምልክት ይፈልጉ ነበር። ሑነይን ኢብኑ ኢስሐቅ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ ከመለሷቸው የሂፖክራጠስ ሥራዎች በአንዱ፣ ሴቲቱ ስትተኛ የማር ውኃ ጠጥታ ሆዷን ከቆረጣት አርግዛለች የሚል ፈተና ይገኛል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኮርዶባው ዐሪብ ኢብኑ ሰዕድ ስለ ፅንስና ስለ ነፍሰ ጡሮች እንክብካቤ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፉ። የወር አበባ መቅረት፣ ማቅለሽለሽ፣ አምሮትና የጡት መለወጥ ለሐኪሞቹም ሆነ ለእናቶቻችን የታወቁ ምልክቶች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ጥርጣሬን የሚያጠናክሩ እንጂ የሚቆርጡ አልነበሩም። ቆራጩ መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ አሽሃይምና ዞንዴክ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በርሊን ውስጥ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት አይጦች ላይ በመሞከር ሆርሞኑን ለመለየት ሲችሉ ነው። የያኔው ፈተና ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ከፋርማሲ የሚገዛው ቀጭን መመርመሪያ በደቂቃዎች ይመልሳል።

ሕጎችም ይህን ለውጥ ተከትለዋል። የግብፅ የ1929 ሕግ ቁጥር 25 የሐኪሞችን አስተያየት ይዞ ረጅሙን ጊዜ በ365 ቀናት ወሰነ። በአገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀናት ሳይሞሉ እንዳታገባ ከልክሎ፣ አለማርገዟ በሕክምና ማስረጃ ሲረጋገጥ ክልከላውን ያነሣል። ለእኛ ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዒዳ የአምልኮም ሥርዓት ነውና ማህፀን ባዶ መሆኑ ስለታወቀ ብቻ አይፈርስም። ባሏ የሞተባት አረጊት ልታረግዝ እንደማትችል ቢታወቅም አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች።

ወደ መጀመሪያዋ ሴት እንመለስ። በመጀመሪያ ደሙ ለምን እንደቀረ እንጠይቃት። ፉቀሃዎች ምክንያቱ የታወቀውን፣ እንደ ጡት ማጥባትና ሕመም ያለውን፣ ካልታወቀው ለይተዋል። ዛሬ በአገራችን በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌ የወር አበባን ያቋርጣልና ስለ እርሱ ሳይጠይቁ መፍረድ ስሕተት ነው። ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንላካት። ምርመራው በጣም ቀድሞ ከተደረገ እርግዝናው እያለ የለም ሊል ስለሚችል ከሳምንት በኋላ መደገም አለበት። እርግዝናው ከተረጋገጠ በሱረቱ ጠላቅ 6ኛው አንቀጽ መሠረት እስክትወልድ ቀለቧ ይጠበቅላታል። እርግዝና እንደሌለ በሕክምና ከተረጋገጠ ግን አንድ ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እናቀርባለን፦ ዘጠኙ ወር ጥርጣሬን ለማስወገድ የተደረገ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በሌላ መንገድ ሲወገድ ሦስቱን ወር ብቻ መቁጠር ይበቃት ይሆን? ፈራጆቹ እነርሱ ናቸው፤ እኛ ግን ጥያቄው ከዑመር ፍርድ መንፈስ የራቀ አይመስለንም።

ቀድሞ ማወቅ ለፍርድ ብቻ ሳይሆን ለነፍስም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዋ ሴት በሐያእ ዝም ትላለች። በረመዷን ደካማ ሆና ስትጾም እርግዝናዋን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለራሷ ወይም ለፅንሱ ከፈራች ማፍጠር እንደሚፈቀድላት የነገራትም ላይኖር ይችላል። ኢማሙ በኹጥባው፣ ኡስታዙ በደርሱ ይህን ቢያነሡ የቀደሙት ሊቃውንት ያደረጉትን ያደርጋሉ፦ ሴቲቱን ይሰማሉ፣ አዋቂን ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ይፈርዳሉ።

ወላሁ አዕለም።