ሁለተኛ ማን ወጣ?



ከአምቦ ተነስታችሁ በጉደር፣ በጌዶ፣ በኢጃጂ አድርጋችሁ ባኮ እስክትደርሱ ድረስ ወጣት የተሰበሰበበት ቦታ የጥያቄና መልስ ውድድር አይጠፋውም። በረመዷን ከተራዊሕ በኋላ ይጠየቃል። በዒድ ዝግጅት ይጠየቃል። ሻይ ቤት ውስጥም ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል በጥያቄ ይለያል። ታሪክና ስፖርት ደግሞ ከመድረኩ አይቀሩም። ችግሩ ጥያቄዎቹ አልቀዋል። «በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ…» ሲባል ጠያቂው ሳይጨርስ «አበበ ቢቂላ!» ተብሎ ተመልሷል። «በሞስኮ ሁለት ወርቅ…» ሲባልም «ምሩጽ ይፍጠር!»

ጀግኖቻችንን ማወቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁሉም ጥያቄ አንደኛ የወጣውን ብቻ ሲጠይቅ ከታሪኩ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል። እስቲ ዛሬ በእነዚያው ውድድሮች ላይ አንዲት ሌላ ጥያቄ እናንሳ፦ ሁለተኛ ማን ወጣ? ሦስተኛስ?

ከሮም እንጀምር። ሁለተኛ የወጣው ራዲ ቢን ዐብዱሰላም የሚባል ሞሮኳዊ ነው። ሞሮኮ ነፃ የወጣችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የ1960ው የሮም ኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሮም ይዛ የተመለሰችውም አንድ ሜዳሊያ ብቻ ነው፤ እሱም የራዲ ብር። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለው። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ 25 ሰከንድ ማለት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል።

የሚገርመው ግን ሰዓቱ አይደለም። አበበ ወደ ውድድሩ ሲገባ ተጠንቀቅ የተባለው ከዚሁ ሞሮኳዊ ነበር፤ ምልክቱም መለያው ላይ ያለው 26 ቁጥር ነው ተብሏል። ራዲ ግን ከሁለት ቀን በፊት 10,000 ሜትር ሮጦ ስለነበር ለማራቶኑ የተመደበለትን ቁጥር አልለጠፈም። የለበሰው የ10,000 ሜትሩን 185 ቁጥር ነው። አበበ ታዲያ ጎን ለጎን አብሮት የሚሮጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ 26 ቁጥር ከፊት አለ እያለ በዓይኑ ሲፈልግ ነበር። የሚፈልገው ሰው ግን አጠገቡ ነው! በመጨረሻም ጥሎት የሄደው ከአክሱም ተዘርፎ ሮም በቆመው ሐውልት አካባቢ ነው። ያ ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ለእኔ ከባዶ እግሩ ይልቅ ይህ የቁጥር ነገር ይበልጥብኛል፤ ባዶ እግሩን ማን የማያውቀው አለ?

እዚህ ላይ በየመድረኩ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነገር አለ። «አበበ ያሸነፈው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ እንበል። አንዱ 1960 ይላል፣ ሌላው 1952፣ ሦስተኛው 1953። ውድድሩ የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ማራቶኑ ያለቀው ከመሸ በኋላ ስለሆነ አበበ የድል ሪባኑን ያለፈው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ነበር ማለት ነው። 1953 ያለው ተወዳዳሪ በሰዓታት ልዩነት ነው የተሳሳተው። 1960 ያለውን ደግሞ ስህተተኛ ማድረግ አይቻልም፤ ጥያቄው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተነገረውማ! ዳኛ የሆነ ሰው ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ ነጥብ የመንሳት መብት ያለው አይመስለኝም።

እኛ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር አለን። በሒጅራ ሲቆጠር ጥያቄው ጭራሽ ሌላ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ «ወደ ሐበሻ የተደረገው የመጀመሪያው ስደት በስንት ዓመተ ሒጅራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ቁጥር መገመት ይጀምራል። ትክክለኛው መልስ ግን ቁጥር የለውም የሚል ነው። የሒጅራ ዘመን የሚቆጠረው ወደ መዲና ከተደረገው ስደት ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ሶሐቦቹ ወደ ነጃሺ አገር የመጡት ደግሞ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ በ615 ነው። አቆጣጠሩ ራሱ ገና አልተጀመረም ነበር። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተመለሱት ግን በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸይበር ጊዜ ስለሆነ፣ እሱን በሒጅራ መጠየቅ ይቻላል።

ዓድዋንም እዩ። እሁድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.፤ ይህን ሕፃን ልጅም ይመልሰዋል። በሒጅራስ? በሠንጠረዥ ስሌት ረመዷን 16 ቀን 1313 ላይ ይውላል። ጨረቃ በማየት አንድ ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል፤ የረመዷን አጋማሽ ስለመሆኑ ግን ጥርጥር የለውም። ከራስ ሚካኤል ጋር ከወሎ የዘመተውን ጦር ጨምሮ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ለእነሱ ያ ወር ረመዷን ነበር። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስለ ዓድዋ ብዙ ይጻፋል፤ ይህችን ቀን ግን የሚያነሳት ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሞስኮ። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁላይ 27 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ኢትዮጵያ ሦስት ሰው አሰለፈች፦ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር እና ቶሎሳ ቆቱ። ከእነሱ ጋር ላሴ ቪረን የሚባለው ፊንላንዳዊ አለ፤ በ1972 እና በ1976 እ.ኤ.አ. በ5,000ም በ10,000ም አሸንፎ የመጣ። ሦስቱ የእኛ ልጆች ፍጥነቱን እየተቀባበሉ፣ አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያቀዘቀዙ ቪረንን አደከሙት። በመጨረሻው 300 ሜትር ምሩጽ ተፈተለከ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ።

መሐመድ ከድር ሦስተኛ ነው። ሁለተኛ የሆነው ሌላው ፊንላንዳዊ ካርሎ ማኒንካ ሲሆን፣ መሐመድን የቀደመው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ነው። ይህ ሰው በኋላ ከሞስኮ በፊት ደም እንደተጨመረለት ራሱ በአደባባይ ተናገረ። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ከአትሌቱ ደም ቀደም ብሎ ይቀዳና በቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ሰውነቱ የጎደለውን ከተካ በኋላ ውድድሩ ሲቃረብ የተቀዳው ይመለስለታል። ቀይ የደም ሕዋስ ሲበዛ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ኦክስጅን ይበዛል፤ ድካም ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህን የከለከለው ግን ከሞስኮ ዓመታት በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ሜዳሊያውን የሚነጥቅ አልተገኘም። በ5,000 ሜትርም ያው ሰው ሦስተኛ ወጥቷል፤ አየርላንዳዊው ኢሞን ኮግላን አራተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያው 5,000 ሜትር ሁለተኛ የወጣው የታንዛኒያው ሱለይማን ኛምቡዊ ነው። ታንዛኒያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከሞስኮ የመጡ ብሮች፣ አንዱ የእሱ።

እንግዲህ በመድረክ ላይ «በሞስኮ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ማን ነው?» ቢባል መልሱ ምን ይሁን? መዝገቡ ማኒንካ ይላል፤ ዳኛው በመዝገቡ ነው የሚሄደው። «መሐመድ ከድር» ያለ ልጅ ነጥብ አያገኝም፤ ልቡ ያለበትን ግን እረዳለሁ። ሕግ ሳይኖር የተደረገን ነገር በኋላ በወጣ ሕግ መዳኘት እንደማይገባ ስፖርቱም ፍርድ ቤቱም ይስማሙበታል። ይሁንና በሕግ አለመከልከልና ፍትሐዊ መሆን አንድ አይደሉም። የመሐመድ ነሐስ በራሱ እግርና በራሱ ደም የመጣ ነው።

የሞስኮ ኦሎምፒክ ከጁላይ 19 እስከ ኦገስት 3 ነበር። 1400 ዓመተ ሒጅራ ረመዷን የገባው በጁላይ አጋማሽ ስለሆነ ውድድሩ በሙሉ በረመዷን ውስጥ ነው ያለፈው፤ የ10,000 ሜትሩ ፍጻሜም ልክ እንደ ዓድዋ ወሩ ሊጋመስ ሲል ነው። ይህን ስንሰማ ወዲያው «እገሌ ጾሞ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብናል። ለውድድር መድረክ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። መንገደኛ ሩኽሳ አለው፤ ጾሙ ደግሞ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ነው። ስምን ብቻ አይቶ የአንድን አትሌት ሃይማኖት መወሰንና በየገጹ መለጠፍም ያው ነው። ሰውዬው የሮጠው የአገሩን ማሊያ ለብሶ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ሩጫውን ይሁን።

የመሐመድ ከድር ታሪክ በሞስኮ ቢያልቅ ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ግን አላለቀም። በ1981 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ተሳተፈች፤ ቦታው ማድሪድ፣ የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ። የእኛ ልጆች ከፊት ተሰልፈው ሌላውን ጥለውት ሄዱ። ከዚያ አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻው ዙር መስሏቸው ያላቸውን ጉልበት አውጥተው ተፈተለኩ። ጨረስን ሲሉ ገና አንድ ሙሉ ዙር አለ! ትንፋሽ ያጠረው ሰው እንደገና መጀመር አለበት። አስቡት። መሐመድ ከድር ግን ተነስቶ ሮጠ፤ አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን መጨረሻ ላይ ቀድሞት ሁለተኛ ሆነ። ያ ሁሉ ሆኖ እንኳ በቡድን አንደኛ የወጣችው ኢትዮጵያ ናት። በዓመቱ በ1982 ሻምፒዮናው ሮም ላይ ሲደረግ ዙሩን በትክክል ቆጠሩ፤ መሐመድ ከድር አንደኛ፣ አልቤርቶ ሳላዛር ሁለተኛ፣ የኒውዚላንዱ ሮድ ዲክሰን ሦስተኛ። ለጥያቄ አዘጋጆች ከሞስኮው ነሐስ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ ብዙ ሰው የዓለም አገር አቋራጭን የሚያስታውሰው ከቀነኒሳ በቀለ ጀምሮ ነው። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ሲመጣ ኢትዮጵያ አልሄደችም፤ መሐመድም ሁለተኛ የኦሎምፒክ ዕድል ከዚያ መድረክ ላይ አላገኘም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሁለተኛው ከአንደኛው በላይ የሚታወቅበት ውድድር አለ ቢባል በምዕራብ ሸዋ የሚኖር ሰው ሳያስብ ይመልሳል፦ ሪዮ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ። እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የገባበትን ምስል ያላየ የለም። እዚህ ላይ ጥያቄውን ገልብጡት፦ አንደኛ ማን ነበር? ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይደናቀፋሉ። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነው። ፈይሳ ከዚያ በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ነሐስ እንዳገኘ የሚያውቅም ጥቂት ነው።

ደረጃ ብቻውን ደካማ መለኪያ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ልጨምር። በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ፣ እሱም ረመዷን ውስጥ የወደቀ፣ የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን በ800 ሜትር ፍጻሜ ስድስተኛ ወጣ። ስድስተኛ ሲባል ማንም ጥያቄ አያወጣለትም። ሰዓቱ ግን 1 ደቂቃ ከ43.20 ሰከንድ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ቤጂንግ ላይ ቢሆን ወርቅ የሚያስገኝ። ያን ቀን ዴቪድ ሩዲሻ የዓለም ሪከርድ ሰብሮ ስለነበር ሁሉም ተከትሎ በረረ፤ መጨረሻ የወጣው ስምንተኛው ሰው እንኳ 1 ደቂቃ ከ43.77 ነበር የገባው። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ዙሪክ ላይ መሐመድ አማን ሩዲሻን ቀደመው።

በዓመቱ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዒደል ፊጥር ካለፈ አምስት ቀን ሆኖታል፤ መሐመድ አማን የዓለም ሻምፒዮና 800 ሜትር ፍጻሜ ላይ ቆመ። ቦታው ሞስኮ፣ ሉዥኒኪ ስታዲየም ነው፤ መሐመድ ከድር ከ33 ዓመት በፊት ነሐስ ያገኘበት ያው ሜዳ። 1 ደቂቃ ከ43.31 ሰከንድ ሮጦ ለኢትዮጵያ በርቀቱ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አመጣ። ሁለተኛ አሜሪካዊው ኒክ ሲሞንድስ፤ ሦስተኛ የጎረቤታችን የጅቡቲ ልጅ አያንሌ ሱለይማን።