ከነጭ ሽንኩርት ዘንግ እስከ ካሜራ፦ የፊንጢጣ ፊስቱላን ምንጭ ለማየት የፈጀው ዘመን

እስቲ ለአፍታ ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ልውሰዳችሁ። ቀኑ ኖቬምበር 18 ቀን 1686 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የ48 ዓመቱ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ገና በማለዳ ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅተዋል። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። ቀዳጁ ሻርል ፍራንሷ ፌሊክስ ይባላል፤ በእጁ ለዚሁ ቀን ብሎ ያሠራው ጎበጥ ያለ ምላጭ አለ። ንጉሡን ከመንካቱ በፊት ወራት ወስዶ በድሆች ሆስፒታል በሚታከሙ ሰዎች ላይ ተለማምዷል። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ንጉሡም ድነው ከወራት በኋላ ፈረስ ላይ ወጡ።

ንጉሡን ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያሠቃያቸው በሽታ የፊንጢጣ ፊስቱላ ነበር። ፊስቱላ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በምጥ መራዘም ምክንያት በእናቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ያቋቋሙለት ማለት ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ሌላ ነው። ቃሉ በላቲን ቧንቧ እንደማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ መኖር የሌለበትን ቀጭን መተላለፊያ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩታል።

የፊንጢጣው ፊስቱላ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በፊንጢጣ ውስጠኛ ግድግዳ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ይደፈኑና ይመረቅዛሉ። መግሉ መውጫ ፍለጋ ሥጋውን እየሰረሰረ ሄዶ በመቀመጫ አካባቢ ቆዳ ላይ ይፈነዳል። ያን ጊዜ እብጠቱ ይተነፍሳል፣ ሕመሙም ጋብ ይላል፤ ሰውየው «ተገላገልኩ» ይላል። መንገዱ ግን ሳይዘጋ ይቀራል። መግል መንጠብጠቡ አያቆምም፣ እብጠቱም ተመልሶ ይመጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚያ አካባቢ የወጣ ነገር ሁሉ «ኪንታሮት» ስለሚባል፣ ብዙ ሰው አፍሮ ደብቆት ይኖራል።

ታዲያ ሐኪሙን የሚያስቸግረው ምንድን ነው? በቆዳ ላይ ያለው ቀዳዳ ለማንም ይታያል። ከየት እንደመጣ ግን አይታይም። መንገዱ ፊንጢጣን የሚዘጋውን ጡንቻ አቋርጦ ሊያልፍ ይችላል፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ያንን ጡንቻ አብዝቶ ከቆረጠው ታካሚው ዕድሜ ልኩን ሰገራውን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ጥንታውያን ግሪኮችም ይህን ጥያቄ ጠይቀው ነበር። በሂፖክራተስ ስም ከተሰበሰቡት፣ ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ገደማ በፊት ከተጻፉት የሕክምና መጻሕፍት አንዱ ስለ ፊስቱላ የሚያወራ ነው። መጽሐፉ ሐኪሙን እርጥብ የነጭ ሽንኩርት ዘንግ በቀዳዳው አስገብቶ ጥልቀቱን እንዲለካ ያዘዋል። ከዚያ ፊንጢጣውን ከፈት አድርጎ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጡን እንዲያይ፣ በመጨረሻም በፈረስ ጭራ የተጠመጠመ የተልባ እግር ክር በመንገዱ አሳልፎ እንዲያስር ይነግረዋል። በ1376 ስለዚሁ በሽታ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን አርደርን ደግሞ በሽንኩርቱ ፋንታ ቀጭን ዘንግ ይጠቀም ነበር፤ ስሙንም በላቲን «ተከተለኝ» ብሎታል። ግን አስቡት፤ ሁለቱም በዳበሳ የሚሠሩ ናቸው። ዘንጉ በኃይል ከተገፋ ደግሞ ያልነበረ አዲስ መንገድ ይከፍታል።

በ1835 ፍሬድሪክ ሳልመን የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ በፊስቱላና በሌሎች የፊንጢጣ ሕመሞች ለሚሠቃዩ ድሆች ሰባት አልጋ ያላት አነስተኛ ሕክምና ቤት ከፈተ። ኋላ ላይ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ተብላ በዓለም የታወቀችው እሷ ናት። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም በ1841 ለፊስቱላው የተቀደደው በዚሁ በሳልመን እጅ ነበር፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ።

ከቢላው እድገት ጎን ለጎን ሌላ ጥረትም ነበር፤ ወደ ሰውነት ውስጥ ብርሃን ማስገባት። በ1806 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ በውስጡ ሻማ የሚበራበት፣ ብርሃኑን በመስታወት አንጸባርቆ በቱቦ የሚልክ መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። ቱቦው እየተለዋወጠ ለፊንጢጣም ያገለግላል። የቪየና የሕክምና ፋኩልቲ ግን አልተቀበለውም። ቦዚኒ በ1809 በታይፈስ ሲሞት ዕድሜው ገና 35 ነበር። በ1853 ፈረንሳዊው ዴዞርሞ ሻማውን በአልኮልና በተርፐንታይን በሚነድ መብራት ተካው፤ «ኢንዶስኮፕ» የሚለውንም ስም ለመሣሪያው ሰጠው። በ1895 ደግሞ በባልቲሞር የሚሠራው ሃዋርድ ኬሊ ረጃጅም የብረት ቱቦዎችን አስተዋወቀ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብረት አይታጠፍም፣ አንጀት ግን ጠመዝማዛ ነው። ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት እያለው ሐኪሙ ከመጨረሻው 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር በላይ ማየት አልቻለም።

ያልታየው ክፍል ምን እንደደበቀ የታወቀው ቀስ ብሎ ነው። በ1932 ኒው ዮርክ ላይ በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የትንሹ አንጀት ጫፍ እየተቆጣና እየቆሰለ የሚጎዳበትን በሽታ ገለጹ፤ ዛሬ የክሮን በሽታ የምንለው ነው። በ1938 ክሮን ከባልደረባው ፔነር ጋር ሆኖ አንድ ተጨማሪ ነገር ጻፈ፤ በእነዚህ ታማሚዎች ፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ ይወጣል። እዚህ ላይ ጥያቄው ተቀየረ። በመቀመጫ ላይ ያለው ቀዳዳ የራሱ የፊንጢጣው ችግር ላይሆን ይችላል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ያለ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ሰው ላይ አንጀቱ ተቆጥቶ እያለ ቢላ ቢገባ ቁስሉ አልድን ሊል፣ ነገሩም ሊባባስ ይችላል።

ያን ርቀት ሄዶ ለማየት የሚታጠፍ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። በ1957 አሜሪካ፣ ሚሺጋን የነበረው ባዝል ሂርሾዊትዝ እንደ ፀጉር ከቀጠኑ የመስታወት ክሮች የተሠራ፣ እየተጣጠፈ ምስል የሚያመጣ መሣሪያ ሠራ፤ መጀመሪያ የዋጠውም ራሱ ነው። በ1963 በርገን ኦቨርሆልት ይኸንኑ ሐሳብ ወደ ታችኛው አንጀት አመጣው። በ1969 ሺንያና ዎልፍ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ሆድ ሳይቀደድ ከትልቁ አንጀት ውስጥ ጭማሪ ሥጋ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ።

ዛሬ ሐኪሙ ፊስቱላ ይዞት የመጣን ሰው ኮሎኖስኮፒ የሚያዝለት ለዚህ ነው። በተለይ ተቅማጥ፣ ደም፣ የክብደት መቀነስ ካለ፣ ቀዳዳዎቹ ከበዙ ወይም ፊስቱላው እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ ካሜራው የአንጀቱን ግድግዳ ያያል፣ ለምርመራ የሚሆን ናሙናም ቆንጥሮ ያመጣል። ናሙናው የክሮን በሽታን፣ ካንሰርን፣ ደግሞም እንደኛ ባለ አገር የማይረሳውን የአንጀት ቲቢ ለመለየት ይረዳል። መድኃኒታቸው ለየቅል ስለሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ለክሮን ተብሎ የሚሰጥ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቲቢ ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ኢንዶስኮፒ ግን ሁሉን አያይም። መንገዱ በጡንቻው ውስጥ እንዴት እንደሚጠማዘዝ የሚያሳዩት ኤም አር አይና አልትራሳውንድ ናቸው። አላን ፓርክስና ባልደረቦቹ በ1976 በቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል የታከሙ 400 ሰዎችን አጥንተው ያወጡት የፊስቱላ አመዳደብ ዛሬም የቀዳጆች ካርታ ነው። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ጣሊያናዊው ሜይኔሮ ቀጭን ካሜራ በራሱ በፊስቱላው መንገድ ውስጥ አስገብቶ ማከም ጀምሯል። ያ የአርደርን «ተከተለኝ» ዓይን አወጣ በሉት።

የሚገርመው፣ የግሪኮቹ ክር ዛሬም አልተጣለም። ሐኪሞች አሁንም በፊስቱላው ውስጥ ክር ያሳልፋሉ፤ መግሉ እየፈሰሰ እብጠቱ እንዳይመለስ፣ መድኃኒቱም ጊዜ እንዲያገኝ። የተለወጠው፣ ክሩን የሚያስገባው ሰው ከጀርባው ምን እንዳለ አይቶ መሥራቱ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በመቀመጫችሁ አካባቢ እየፈነዳ የሚመለስ እብጠት ወይም የማይቆም መግል ካለ፣ በኪንታሮት ስም ደብቃችሁ አትያዙት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም «ምንጩ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ንጉሥም ታሞበታል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።