አንድ ዘፈን፣ አንድ ስም

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ክረምት፣ ዜገርና ኢቫንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ 2525 ዓ.ም. ያዜሙት ዘፈን በአገራቸው የሽያጭ ሰንጠረዥ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ አንድም ሥራቸው ከመቶዎቹ ተርታ አልገባም።

በዚያው ዓመት በአገራችን አቶ አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ ሸክላ የማሳተም መብት ተዳፍረው የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በየገጹ አንዳንድ ዘፈን ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ዘፈን ብቻ ያለው ድምፃዊም አደባባይ ለመውጣት ቻለ።

ሆኖም ለሸክላዎቻችን የሳምንት ሰንጠረዥ አልነበረም፤ መለኪያቸው የሕዝብ አፍ ነበር። ሕዝብ የወደደውን ዜማ አዝማሪ ይቀበለዋል። በጣና ዳርቻ፣ በባሕር ዳር ጠጅ ቤቶች፣ በመሲንቆው ያዜመዋል፤ ግጥሙንም እንደ ታዳሚው ይለውጠዋል። ዜማው በዚህ መንገድ ዕድሜ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ድምፃዊ ስም ግን ይረሳል።

የሰንጠረዥ ዋነኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ማን ማንን እንደበለጠ ከመናገሩ ይልቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የታየውን ድምፃዊ ስም ከነዘመኑ መዝግቦ ማቆየቱ ይበልጣል። እኛም የኪነት ታሪካችንን ስንጽፍ፣ በየቤቱ አቧራ የለበሱትን ሸክላዎች አንሥተን በላያቸው የታተሙትን ስሞች መመዝገብ ይገባናል። አንድ ጊዜ ብቻ የዘፈነም ዘፋኝ ነውና።