የፎገራ ዳስና የአዝማሪ ጨዋታ

ፎገራ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ በክረምትም ሞልተው ያጥለቀልቁታል። አገሩ በከብቱ የታወቀ ሲሆን፥ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሩዝ የሚዘራበት ሆኗል። ከተማው ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ነው። ስለዚህ ገበሬው፥ ነጋዴውና የባሕሩ ታንከኛ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ይገናኛሉ። እንዲህ ባለ አገር ልዩ ልዩ ወገኖች በአንድነት የሚጫወቱበት ሥርዐት ምን ያህል እንዳቀራረባቸው መመርመር ይገባል።

መገናኘት መዋሐድ አይደለምና። በ1668 (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በጣና ዳር በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ፥ ዓሣና ጉማሬ እያደኑ የኖሩት ወይጦዎችም ከዚያ በባሰ መለየት ኖረዋል። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ወይጦዎች የራሳቸው የሆነ ቋንቋ እንዳላቸው አመለከተ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጣው ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ኮሄን ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው አገኛቸው። ሃይማኖታቸው እስልምና ሲሆን፥ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ተገለሉ። ቋንቋቸውን ለጎረቤት ቋንቋ ለቀቁ፤ የጎረቤት ማዕድ ግን አልተከፈተላቸውም። እንግዲህ የቋንቋ አንድነት ብቻውን የሕዝብ አንድነት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የማዕዱ ነገር በሠርግ ዳስ ይበልጥ ይታያል። በጎንደርም በወሎም በታወቀው ልማድ፥ ክርስቲያኑ እስላም ጎረቤቱን ሲጠራ በእስላም እጅ የታረደ ሥጋ ለብቻ ያሰናዳለታል፤ እስላሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ መለያየት ቢሆንም የመከባበር መለያየት ነው፤ ጠሪው የተጠሪውን ሕግ ጠብቆ ይደግሳልና። ሥጋው በየድስቱ ተለይቶ ይወጣል፤ እልልታው፥ ጭብጨባውና እስክስታው ግን ተለይቶ አይወጣም።

በዳሱ መካከል የሚቆመው አዝማሪ ነው። መሣሪያው ማሲንቆ በቆዳ የተለበጠ ገበታና ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ጅማት ብቻ አለው። ነገር ግን የአዝማሪው ጥበብ በመሣሪያው አያበቃም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፥ ወዲያው ተቀብሎ ከዜማው ጋር አስማምቶ ለሁሉ ያሰማል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው እንደ ሆነ፥ ውዳሴ መስሎ ነቀፋ፥ ጨዋታ መስሎ አቤቱታ ይሆናል። ስለዚህ የጨዋታው ደራሲ አዝማሪው ብቻ አይደለም፤ ድፍረትና ቃል ያለው ሁሉ የራሱን ነገር በሌላው አፍ ይናገራል። በፊት ለፊት ቢነገር የሚያጣላው በዜማ ሲነገር ያሥቃል።

የሚያስደንቀው፥ ሌላውን የሚያገናኘው አዝማሪ ራሱ የተናቀ መሆኑ ነው። ስሙ «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ለስድብ ሲነገርም ኖሯል። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የምስጢር ቋንቋ እንዳላቸውም ቮልፍ ሌስላው በ1952 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ገልጿል። የተናቀ ቢሆንም ኀይሉን ጠላት ዐውቆታል፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ ከተደረገበት በኋላ ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በአካባቢው የነበሩትን ጠንቋዮች፥ ባሕታውያንና እየዞሩ የሚዘፍኑ ተራኪዎች የጣልያንን መውደቅ ያወራሉ ብሎ እንዲገደሉ አዝዟል።

በኋላ ዘመን ይህ ጨዋታ ወደ መድረክ ወጣ። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን ማሲንቆ፥ ክራር፥ በገናና ዋሽንት በአንድ ጓድ አሰለፋቸው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ኅዳር 29 ቀን የብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ሲከበር፥ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በየልብሳቸውና በየጭፈራቸው ይታያሉ። ይህም ተሰውሮ የኖረውን ሕዝብ ለዐይን ስለሚያቀርብ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ መድረክና ዳስ አንድ አይደሉም፤ በመድረክ ፊት የተቀመጠው ያያል፥ ያጨበጭባል፤ በዳስ ውስጥ ያለው ግን ግጥም ይሰጣል።

የአንድነት በዓል መለኪያውም ከዚህ ይገኛል። ስንት ወገን ተሰልፎ ታየ ብሎ መቍጠር አይበቃም፤ ከተሰለፉት መካከል «ተቀበል!» የማለት መብት ያለው ማነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፎገራ ዳስ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ዜማ ሥር አስቀምጧል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የጣና ታንከኛ የሰጠው ግጥም በዚያው ዳስ እንደ ጎረቤት ቃል ተቀባይ ሲያገኝ ግን ያን ጊዜ ጨዋታው ሙሉ ይሆናል።